የማሪዬት ድንችና የማዶው ቡና ቤት

ማሪዬት ቫንደፔር ብራስልስ ውስጥ፣ የጡብ ቤቶች በከበቧት አንዲት አደባባይ ላይ፣ በትንሽ የእንጨት ሱቅ ድንች መጥበስ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ድንቹን በቁመቱ ቀጠን አድርጋ ቆርጣ መጀመሪያ መጠነኛ ሙቀት ባለው የበሬ ሞራ ታበስለዋለች፤ ወጥቶ ያርፋል። ገዢ ሲመጣ ደግሞ በጣም በጋለ ሞራ ትጠብሰዋለች። የገዛው ሰው በወረቀት እንደተጠቀለለ ይዞት ማዶ ቡና ቤት ይገባል፤ ቢራ አዝዞ፣ ተቀምጦ ይበላል። የሰፈሩ ሰው የኖረው እንዲህ ነው።

አንድ እሑድ ግን የቡና ቤቱ አዲስ ባለቤት በሩ ላይ «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ዝናቡም ያን ሰዓት ጀመረ።

«ማሪዬት፣ ሰውዬው አስወጣኝ እኮ!» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ጋስቶን፣ ጥቅሉን ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ። «ድንቼ ከእኔ ብሶ ረጠበ።»

ሰልፉ መሳሳት ጀመረ። ማሪዬት ወደ ማዶው በር ተመለከተች። በዝናብ ቆሞ ድንች የሚበላ ማን አለ? የማዶው በር ከተዘጋ የእሷም ሱቅ መዘጋቱ ነው።

«ጋስቶን፣ ምድጃውን ጠብቅልኝ!»

«እኔ? ምን ላድርገው?»

«ምንም! እንዳትነካው ብቻ።»

ትልቁን ጥቅል ሞላች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ማዮኔዝ ጨመረችበትና ሽርጧን እንዳሸረጠች አደባባዩን በሩጫ አቋረጠች።

ቡና ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ባለቤቱ ቲቦ፣ ከአርዴን ገጠር በቅርቡ የመጣ ጎልማሳ፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሶ ይወለውላል።

«እሜቴ፣ ወረቀቱን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ የኔ ልጅ። ጎረቤትህ ነኝ፤ ቅመስልኝ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ሾርባ ሠርቻለሁ።»

«ሾርባህንም እቀምሳለሁ። ይኼ ግን ሲቀዘቅዝ አይሆንም፣ ቶሎ በል!»

አንዷን አነሳ። ኩርሽም አለች። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ማዮኔዙ ውስጥ ነከረ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ለራሱ ቢራ ቀዳና ግማሹን ጨለጠ። ከዚያ ብርጭቆውን አየ፤ ድንቹን አየ፤ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ።

«ሰዉን ሁሉ እንዲህ ያስጠማዋል?»

«ታዲያ ከእኔ ሱቅ ወጥተው ወዴት የሚሄዱ መሰለህ?»

ቲቦ በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት ገሽልጦ ጨመደደው። ይኼን ያየው ጋስቶን ከማዶ «ተከፈተ! ኑ፣ ተከፈተ!» ብሎ አደባባዩን በጩኸት ሞላው። የተበተነው ሰው እየሳቀ፣ እየተጋፋ ተመለሰ።

«ዞር በልልኝ!» አለችው ማሪዬት ሮጣ ስትደርስ። ድንቹን ሞራው ውስጥ ስትጨምረው ተንጫጫ። ጉንጮቿ እንደ ቲማቲም ቀልተዋል።

ብዙም ሳይቆይ ቲቦ አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ።

«እሜቴ፣ ብርጭቆ አለቀብኝ! ትንሽ ቀስ ይበሉ!»

«አልችልም የኔ ልጅ!» አለች፣ ዓይኗን ከሞራው ሳትነቅል። «ገና ሃያ ሰው ተሰልፏል!»