ሰሌዳው ከቅጽር የወጣ ቀን

የድንጋይ ደወል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እህቴ አስካል ትመጣብኛለች። ደርግ በገባ ሰሞን፣ ታች ጋይንት ውስጥ ከአርብ ገበያ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አገር፣ ትምህርት ቤት ገና ስላልተሠራልን የምንማረው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነበር፤ ደወሉ ሲመታ እኔና እሷ ተያይዘን ቁልቁል እንሮጥ ነበር፣ በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝም ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር።

ጤፉ ሲያሽት ግን በየወሩ አምስት ስድስት ቀን መቅረት አመጣች። «እታለም፣ ሰነፍሽ እንዴ?» እያልኩ ስቀልድባት እንስራዋን አዝላ ወደ ውኃ ትወርድ ነበር። ለካ የወር አበባ መጥቶባት ኖሯል፤ በእኛ አገር ደንብ ሴት በዚያ ሰሞን ቅጽር አትረግጥም፣ ይህንንም ለወንድ ልጅ የሚነግር የለም። እናታችን ደግሞ «ከቀረች አይቀር ባል ይፈለግላት» ማለት ጀመረች።

በጥር፣ እህል ከአውድማ ሲገባ፣ የሕክምና ተማሪዎች ለዘመቻ መጡ። አንዷ ቀጭን ልጅ ሴቶቹን ከቅጽሩ ውጭ ሾላ ሥር ሰብስባ ስታስተምር፣ እኛን ወንዶቹን ብታባርረንም ከካቡ ኋላ ተደብቀን እንሰማ ነበር።

«በሽታም እርግማንም አይደለም» አለች። «ጨርቁን በሳሙና እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ።»

አስካል ብድግ ብላ «እሱስ ይሁን፣ እትዬ፤ ቅጽሩን ምን ላድርገው?» አለቻት።

ልጅቱ ዞራ ቅጽሩን አየች። ከበሩ ሥር ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት የደብሩ አለቃ ግን ሁሉን ሰምተው ኖሮ ሳቁ።

«ቅጽሩስ አይነቀልም። ሰሌዳው ግን በሁለት ሰው ትከሻ ይወጣል። ምን ትጠብቃላችሁ፣ እናንተ ከካብ ኋላ ያላችሁ!»

አፍረን ወጥተን ተሸከምነው። ማታ እናቴ አለቃን «አባቴ፣ ልጅቱ እኮ ደርሳለች» ብትላቸው፣ «ትዳር የትም አይሄድ፤ ፊደሉን ትጨርስ» ብለው ገዘቷት።

እስከ ክረምት ሾላው ሥር ተማርን፣ አስካል አንድ ቀን አልቀረችም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወደ ሞፈሬ ስመለስ፣ እሷ ንፋስ መውጫ ድረስ ሄዳ ተማረች።

ዛሬ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ከገበያ ስትመለስ ሞዴስ ያዝልኝ» ትለኛለች፣ እኔም ሳላፍር ገዝቼ እመጣለሁ። ደግ ዘመን ነው። ከእህቴ ጋር ግን በአንድ ቁርበት ተኝተን አድገን፣ ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳንጨዋወተው አፈር ቀደመኝ።