ለፈተናዬ የተጠራው ዱአ

የክፍላችን ልጆች ቴሌግራም ላይ «ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?» ብለው ሲጠይቁ እኔ ስለ ላም ነው የጻፍኩላቸው። የጎረቤታችን ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ እንገሩን ቀምሻለሁ። ቀጥዬም ሶፋችን ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ መዛወሩን፣ እናቴ አዲሱን መጋረጃ እንዳልወደደችው፣ ሐይቁ ላይ ከትናንት ጀምሮ ነፋስ መኖሩን አወራኋቸው። «ሌላስ?» አለ አንዱ። ሌላማ ምንም የለም። ባዮስታቲስቲክሱን ገና አልከፈትኩትም።

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነው። ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ወድቄዋለሁ። በሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ለመያዝ የቀረችኝ ኮርስ ይህች ብቻ ናት። ከጥቂት የክፍላችን ልጆች ጋር ድጋሚ እንድፈተን ፈቅደውልኛል፤ አሁን ከወደቅኩ ግን መባረር ነው፣ ሌላ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ይህን አሳምሬ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ስለ ጥጃ ግንባር የምጽፈው።

ደሴ ከተከራየኋት ክፍል ወደ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት የመጣሁት ጸጥታ ፍለጋ ነበር። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ! በእኛ ሰፈር ቀን ቤቱ የተገኘ ሰው ሥራ ፈት ነው። መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ደግሞ ይብሳል፤ ሥራ ፈትም ነው፣ ማንበብም ይችላል። ገና ቁርሴን ሳልጨርስ ከፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ።

«የኔ አበባ፣ ይቺ ኢሞ እንቢ አለችኝ። ልጄ ከጅዳ እየጠበቀችኝ ነው።»

አስተካክላለሁ። ልጅቷ ትታያለች፣ ታለቅሳለች፣ እናትዮዋም ያለቅሳሉ፤ በዚያ መካከል ሀንዳውቴን ይዤ ብነሣ ምን ዓይነት ሰው እባላለሁ? እሳቸው ሲወጡ ሌላዋ የኪኒን ካርቶን ይዛ ትገባለች። ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ሐኪም አይደለሁም እላለሁ። «ጤና አይደል እንዴ የምትማሪው?» ትለኛለች፣ ዓመታቴን በሙሉ በከንቱ የጨረስኩ ያህል እያየችኝ።

አንድ ቀን ሸሽቼ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጥላ ፈልጌ፣ ነጠላዬን አንጥፌ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ወዲያው ከኩዌት የተመለሰች የልጅነት ጓደኛዬ ከየት መጣች ሳልል አጠገቤ ተቀመጠች። አሠሪዎቿን፣ የአሠሪዎቿን ልጆች፣ የልጆቹን ድመት ሳይቀር ተረከችልኝ። ዐስር ሰላት ደርሶ ልሂድ ብላ ስትነሣ ግን «ከዚያስ?» ብዬ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ። ባዮስታቲስቲክስ ፊቱ የተገተረበት ሰው የሰው ድመት ታሪክ እንዴት እንደሚጥመው የደረሰበት ያውቀዋል።

በማግሥቱ አምባሰል፣ ውጫሌ ካለችው አክስቴ ዘንድ በሚኒባስ ሄድኩ፤ እሷ ቤት የሚያውቀኝ ሰው የለም ብዬ። ለካ ጎረቤቷ ልጅ እየዳረች ነው። «ፈተና ከባድ ነገር ነው፣ መረበሽ የለብሽም» አለችኝ አክስቴ፣ ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፤ ይህን እያለች ቢላዋና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት አቀበለችኝ። ለማንበብ ሄጄ ጣቶቼ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተቱ ተመለስኩ።

ያን ማታ እናቴ አየችኝና ፈረደች።

«ልብሽ አንድ ቦታ አልረጋ ያለው በደህና አይደለም። የሰው ዓይን ነው። ሐሙስ ዱአ ይደረግልሻል።»

«እማ፣ ፈተናው እኮ ሰኞ ነው። የሚያስፈልገኝ ቀን ነው።»

«ቀኑን የሚሰጥሽ ማን ሆነና? አስተግፊሩላህ በይ!»

አስተግፊሩላህ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሠርግ ቢሆን ታመምኩ ይባላል፣ ልቅሶ ቢሆን ለአፍታ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ለራስ ከተጠራ ዱአ ወዴት ይሸሻል?

ከማክሰኞ ጀምሮ የዱአው ዋና ሠራተኛ ሆንኩ። ቤት ጠረግኩ፣ ምንጣፍና ሰሌን ከየጎረቤቱ ለመንኩ፣ ምስር ለቀምኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ላንብብ ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ላንቺ እኮ ነው» ይሉኛል። ቀጥለው «ዛሬ እንኳ አታኩርፊ» ይሉኛል። ከጎን ያለችው ክርስቲያን ጎረቤታችን ደግሞ እኔም አልቀርም ብላ ባሏን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ልካ ጠበል አስመጣችልኝ፤ ሴት ገዳሙ ስለማይገባ ነው ባሏን የላከችው። ሰውየው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄዶ በላብ ተጠምቆ ሲመለስ እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ፊቴን ታጠብኩበት። አእምሮዬ ባይከፈትም ዓይኔ ነቃ አለ።

ሐሙስ ከዙሁር ሰላት በኋላ ቤቱ ሞላ። አክስቴም ከውጫሌ ደረሰች። ጫቱ ቀረበ፤ ዱአውን የሚመሩት ሽማግሌ ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። በእኛ አገር ዱአ ላይ ሀጃ ያለው፣ ማለት ጉዳይ ያለበት ሰው፣ ጉዳዩን በሰው ፊት አውጥቶ ይናገራል። ሽማግሌው ተቀብለው ይለምኑለታል፣ ቤቱ አሚን ይልለታል። በሆድ ተይዞ የቀረ ሀጃ አሚን አይባልለትም።

ታዲያ ለእኔ በተጠራው ዱአ ሀጃ የሌለው ሰው ጠፋ። የአንዷ ልጅ ቪዛ ዘገየ። የአንዱ በሬ መብላት አቆመ። አንዷ ምራቷ አታናግራትም። ሽማግሌው አንዱንም ሳያጣድፉ፣ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ጠይቀው፣ ለእያንዳንዱ በቂ ልመና ለመኑ። በሬውማ ከእኔ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ሀንዳውቱን ሻርፔ ሥር ደብቄ ገባ ወጣ እላለሁ፤ ቀኑ እያለቀ ነው፤ በውስጤ እጮሃለሁ፤ በአፌ አሚን እላለሁ።

በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሱ።

«አንቺስ ልጄ፣ ሀጃሽ ምንድን ነው?»

«ፈተና አለብኝ አባባ።»

«የምን ፈተና?»

«የድጋሚ። ፊተኛውን ወድቄ ነው። አሁን ከወደቅኩ ያባርሩኛል።»

ቤቱ «እህ!» አለ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ወድቃ አታውቅም ብላ ኖሯል፤ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ግን መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አላህ ያግራልሽ።»

«አሚን!»

«ልብሽን ይክፈተው።»

«አሚን!»

«ያነበብሽውን አይሰውርብሽ።»

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። የማነበውን ሳላነብ የሚሰወረው ምኑ ነው? ጎበዝ፣ ተነሡና ወደየቤታችሁ ሂዱልኝ፣ ላንብብበት ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ይሄኔ እናቴ ስልኳን ከፍ አደረገች። «አንድ ሀጃ ይቀራል» አለች። ሪያድ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስጀምር እሷ ትምህርቷን ትታ ወጣች፤ እስከ ዛሬ የምማረው እሷ በምትልከው ነው። በምትልክልን ፎቶ ሁልጊዜ ትስቃለች። ተስማምቷታል እንል ነበር፤ እኔማ አንዳንዴ እቀናባት ነበር፣ እሷ ፈተና የለባትም ብዬ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ሽማግሌው ፊት ተቀመጠ። የእህቴ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ማዳሟ እንዳትሰማት መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው የምታወራው።

«አባባ፣ የኔ ሀጃ የእትዬ ሀጃ ነው» አለች። «እሷ ትለፍልኝ። እሷ አልፋ ሥራ ከያዘች እኔ አገሬ እገባለሁ። ለማዳሜ ኮንትራቱን አላድስም ብያታለሁ። ደክሞኛል አባባ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን እንደገና ሲዘረጉ፣ ለቪዛውም ለበሬውም ያልተሰማ አሚን ተሰማ። የክርስቲያኗ ጎረቤታችን ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ይህን ሁሉ ነገር በእኔ አንድ ፈተና ላይ የምታንጠለጥለው ማን ፈቅዶላት ነው? ለምን አልነገረችኝም? ከዚያ በኋላ ነው ያፈርኩት፣ ጆሮዬ ድረስ እስኪያቃጥለኝ። እኔ ስለ ጥጃ ስጽፍ ይህች ልጅ እዚያ ማዶ ቀኔን ስትጠብቅ ኖራለች።

ሰዉ እየመረቀ ሲወጣ ሀንዳውቱን አውጥቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አክስቴ መጥታ ከጉልበቴ ላይ አነሣችው።

«ዱአ ከደረሰ ወዲያ መጨነቅ አላህን መጠርጠር ነው። አሁን ዕረፊ።» ሀንዳውቱን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችውና ብርጭቆዎቹን አመለከተችኝ። አጠብኩ።

ዓርብ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። በሩን ዘጋሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼው የሽፋኑን ጽሑፍ እያየሁ ቆየሁ፤ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ እናቴ ያልወደደችውን መጋረጃ። ፈርቼ ነበር። ከፍቼው ባይገባኝስ? እናቴ ከጓሮ ስልክ ይዛ ተጣራች።

«እህትሽ ናት። እትዬ ምን እያደረገች ነው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«እያነበበች ነው በያት» አልኩ።

እናቴ ጮክ ብላ ደገመችላት። እህቴ በስልኩ ድምፅ ማጉያ «አልሐምዱሊላህ» ስትል በግድግዳው በኩል ተሰማኝ፤ ያን ቀን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። እያነበብኩ አልነበረም። ውሸት እንዳይሆንባት የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ።