በስልክ የተነገረ ዋጋ

ስለ ንግዴ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ «ስልኬ ነው ያሳለፈልኝ» እላለሁ። አልዋሸሁም። የልጆቼ ቀለብ የሚወጣው ከእሱ ነው፣ የሱቁ ኪራይ የሚከፈለው ከእሱ ነው። የገበያው ሴቶችም «እስቲ አሳዪን፣ እንዴት አድርገሽ ነው ደንበኛ የምትጠሪው?» ይሉኛል፤ አሳያቸዋለሁ። የወሰደብኝን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። የወሰደብኝ ጎረቤቴን ነው።

ሱቄ ድሬ፣ ከፊራ ገበያ አጠገብ ነው። ሽቲ እሸጣለሁ፣ ለድሬ ሙቀት የምንለብሳትን ስስ የቤት ልብስ፤ ሻሽም አለኝ። ግድግዳ የምትጋራኝም ሴት የምትሸጠው ያንኑ ነበር፣ የምናመጣውም ከአንድ ጅምላ ሻጭ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷ አፏን የፈታችው በሶማሌኛ፣ እኔ በኦሮምኛ፤ ስንጣላ በአማርኛ እንጣላለን፣ ስንታረቅ እሷ በእኔ ቋንቋ እኔ በእሷ እንሆናለን። «አባዮ» ነበር የምላት፣ እህቴ ማለት ነው። እሷም እንደዚያው ትለኝ ነበር። የእናቴ ልጆች እንኳ እንደ እሷ አያውቁኝም።

እኛ ገበያ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ጠዋት አንዷ መክፈቻዋን ሸጣ ሌላዋ ገና እጇ ባዶ ከሆነ፣ ቀጥሎ የመጣው ገዢ ወደ ጎረቤት ይላካል። «እኔ ጋ የለም፣ እዚያ ጋ ጥሩ አለልሽ» ትያለሽ፣ ልብሱ ከጀርባሽ ተሰቅሎ እያለ። ለማያውቅ ሰው ቂልነት ይመስለዋል። ለእኛ ግን ሪዝቅ፣ አላህ የሰጠን ሲሳይ፣ ብቻውን ለሚቀመጥበት ሰው አይበረክትም። እኔና አባዮ በዚህ ደንብ ስንት ክፉ ዘመን አልፈናል፤ አንዳችን ምንም ሳንሸጥ ዘግተን የገባንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዋጋ አነጋገሯ ደግሞ ለብቻው ነበር። ሰው ሳታይ ዋጋ አትናገርም። መጀመሪያ ታስቀምጣለች፣ ከየት እንደመጣሽ ትጠይቃለች፣ ማን እንደታመመብሽ፣ ከብቱ እንዴት እንደሆነ። ከዚያ ነው ዋጋ የሚመጣው። ከገጠር ከጀልዴሳ መጥታ ፍየል ሸጣ ለምትመለስ ሴት አንድ ዋጋ አላት፣ ቦርሳዋን ይዛ ከባለጸጎቹ ሰፈር ከከዚራ ለምትመጣ ሌላ። አንዴ ከአፏ ከወጣ ግን አለቀ፣ አይጨምርም አይቀንስም። ሊያከራክሯት ይሞክራሉ፣ እሷም ለወጉ ያህል ትከራከራለች፣ በመጨረሻ ያው የራሷ ዋጋ ላይ ይደርሳሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት አማርኛዋ ተሰባብሮ እንኳ እሱን አሳምራ ነበር የምትለው።

ታዲያ ገበያው መሞት ጀመረ። ወጣቶቹ ገበያ መውጣት ትተው በስልክ ማዘዝ ያዙ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ዝንብ እናባርራለን። አንዲት የከዚራ ደንበኛዬ «አንቺ ሰው መጠበቅ ትተሽ ሰው ወዳለበት ሂጂ» አለችኝና እዚያው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ በስልኬ የመሸጫ ቻናል ከፈተችልኝ። ፎቶ አነሳሁ፣ ዋጋ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም፤ ስለጥፍ የምውለው ጠዋት ነበር፣ ሰው ሁሉ በሚሮጥበት ሰዓት።

በኋላ ነው የገባኝ። ድሬ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ሱቋን ዘግታ ጥላ ስር ትጋደማለች፤ ያኔ ጫቱም ስልኩም እጅ ላይ ነው። እኔም ልብሱን በዚያ ሰዓት መልቀቅ ጀመርኩ። ወላሂ፣ ስልኩ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ያዘ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ልጃገረዶች ከፈረቃ ሲወጡ ተሰብስበው ያዝዙኛል፣ በባጃጅ እልካለሁ። እቃው ሳይሰቀል ያልቃል። ደስ አለኝ፣ ለምን እደብቃለሁ።

ችግሩ በስልክ የጠራሁት ሰው ለደንቡ አልመች አለ። ስልኳን ዘርግታ የምትመጣዋን ልጅ «እዚያ ጋ ሂጂ፣ ጥሩ አለልሽ» ስላት «አይ፣ እኔ ያየሁት ያንቺን ነው» ትለኛለች። ልብሱ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ ብላት አትሰማም። አንዷንማ እጇን ይዤ እዚያ ሱቅ አስገባኋት፤ ዘወር ዘወር አለችና ተመልሳ መጣች። አባዮ ሁሉን ከበርጩማዋ ላይ ሆና ታየዋለች። «አቦ ተያቸው» ትለኛለች፣ «አንቺ ስልክ አገባሽ፣ እኔ ደግሞ ጣውንት ሆንኩ።» ትስቃለች። ሳቋን ግን አውቀዋለሁ፣ ከጥርሷ አላለፈም።

እኔ ጋ የተዘረገፈው ሰው እሷ ጋ ሳይደርስ ሲመለስ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ወጥቼ ትርፉን ላካፍልሽ ብላት ደግሞ መስደቤ ነው። ስለዚህ ጨቀጨቅኳት። «ያንቺንም ልብስ በእኔ ቻናል እንልቀቀው፣ ሰው በስምሽ ይምጣ» አልኳት። እንቢ አለች፣ አኮረፈች፣ ተመለሰች። በመጨረሻ «እሺ፣ ግን እኔ ጽሑፍ አላውቅም፣ በአፌ ነው የምናገረው» አለች። እሰየው አልኩ። ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝኩላት።

ያ ድምፅ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ፣ ከፍቼ አልሰማውም። ስልክ ላይ እያወራች መሆኑን ረሳችው። የጀልዴሳ ሴቶች ፊቷ የተቀመጡ ይመስል በሶማሌኛ ጀመረች፣ ወደ ኦሮምኛ አለፈች፣ በአማርኛ ጨረሰች። ዝናቡ እንደቀረ ሰምታለች፣ ከብቱ እንደከሳ ታውቃለች፣ ዒድ ደርሷል፣ ልጆች ሳይለብሱ አይዋሉ፤ «ለእናንተ ይቺ ሽቲ በዚህ ትሁን» ብላ ዋጋውን ተናገረች። ትርፍ የሌለው ዋጋ ነበር። «አባዮ፣ ይሄንን እኮ የሚሰማው ሁሉም ነው» አልኳት። «የምናገረው ለማን እንደሆነ ብዬአለሁ» አለችኝ። ለእሱ ያልተባለ ዋጋ ሰምቶ ያንን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ ብላ እንዴት ታስብ? ዕድሜዋን ሙሉ ያነጋገረችው ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው ነው።

ድምፁን ለቀቅኩት። ሰው ወደደው፣ አንዱ ለአንዱ አስተላለፈው፣ እኔ የማላውቀው ቦታ ሁሉ ደረሰ።

በሁለተኛው ቀን ከሌላ ከተማ የመጡ ነጋዴ ሴቶች መኪና አቁመው ሱቋ ገቡ። አንዷ ስልኳን ከፍታ ድምፁን አሰማቻት። «ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው አይደለም?»

«የእኔ ነው» አለች አባዮ።

«እንግዲያው በዚሁ ዋጋ ያለውን ሁሉ አውጪ።»

እኔ ሮጬ ገባሁ። በኦሮምኛ፣ እነሱ እንዳይሰሙ፣ «ዋጋ ተቀይሯል በያቸው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው፣ በስልክ ነውር የለውም» አልኳት። አየችኝ። ያን አስተያየት ከእሷ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። «በአፌ ያልኩትን?» አለችኝና ልብሱን ከመደርደሪያ ታወርድ ጀመር። ሴቶቹ እያጠፉ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቁት። ሲያልቅ መስቀያው ብቻ ቀረ።

ይሄ እንኳ ባልከፋ። በገበያ ቀን የጀልዴሳ ሴቶች መጡ። ድምፁ እነሱም ጋ ደርሷል፣ አንዷን ልጇ ስልክ ላይ አሰምታታለች። ፍየላቸውን ሸጠው፣ ብሩን ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ ሳቅ እያሉ ነው የገቡት። አባዮ ያለ ልማዷ ቆማ ተቀበለቻቸው። እንዳለቀ ነገረቻቸው። አንዷ አሮጊት ባዶውን ግድግዳ አየችና «ታዲያ ለምን ጠራሽን?» አለቻት። ቁጣ አልነበረበትም፣ ለመጠየቅ ብቻ ነው የጠየቀቻት። እኔ ከእኔ መደርደሪያ አውርጄ በዚያው ዋጋ ልሰጣቸው ስል አሮጊቷ እጇን አነሳች፤ የመጡት ወደ እሷ እንጂ ወደ እኔ እንዳልሆነ በትህትና ነገረችኝና ወጡ። በዚያ ከሰዓት አባዮ ለምሳ ዘግታ ከሄደች በኋላ በአስር ሰዓት አልከፈተችም።

ለጥቂት ጊዜ መጣ ሄድ አለች። ጅምላ ሻጩ ዋጋ ጨምሮ ነበር፣ መልሳ መሙላት አልቻለችም። ከእኔ ውሰጂ ብላት «ኸይር ነው፣ ለበጎ ነው» ትለኛለች። የጀልዴሳ ሴቶችም በሯ ፊት ሲያልፉ ሰላም ይሏታል፣ አይቀመጡም። ከዕቃው ይልቅ ያ ነው የጨረሳት ብዬ አምናለሁ። ሱቁን ለጫማ ሻጭ ለቀቀችና ገንደ ቆሬ ሰፈር ቤቷ ተቀመጠች። እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ሻይ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ስለ ገበያ አንድ ቃል አታነሳም።

ባለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል አዲስ ሽቲ ለቀቅኩ፣ እንደ ልማዴ ከሰዓት። ሰው በላይ በላይ ይጽፍልኛል። መሃል ላይ አንድ ድምፅ መጣ፣ ከማላውቀው ቁጥር። ከፈትኩት።

«ሰላም ዓለይኩም። ያቺ አረንጓዴዋ አለች? ዋጋዋ ስንት ነው?»

እሷ ናት። ከማን ጋር እንደምታወራ ታውቃለች፣ «አባዮ» ግን አላለችኝም። «ምን ዋጋ ትጠይቂኛለሽ፣ ማታ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብዬ ላክሁላት። «አትልፊ፣ ለሰው የምትነግሪውን ንገሪኝ» አለች።

ዝቅ አድርጌ ብነግራት ይገባታል፣ ከፍ አድርጌም አልነግራት። ለሰው የምነግረውን ነገርኳት። «ቀንሺ በዪኝ» እያልኩ በልቤ ለመንኳት፤ እንደ ድሮው ትጩህብኝ፣ ሌባ ትበለኝ፣ ሻሿን ትወርውርብኝ።

«እሺ» ብቻ አለች። ባጃጅ ልካ ብሩን ሙሉውን ሰደደችልኝ፣ ልብሱን ለባለባጃጁ ሰጠሁት፣ ሄደ።