ሳንጋባ ያገኘሁት የማስታመሚያ ፈቃድ

ያኔ ሆላንድ ውስጥ ስኬቨኒንገን፣ ከባሕሩ ዳርቻ ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አትክልት እከትፍ ነበር። የምንኖረው ሮተርዳም ዙይድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፍቅረኛዬና እኔ አብረን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት አልፎናል፤ ግን አልተጋባንም። ለጋብቻ የሚጠየቀውና ከአገር ቤት መምጣት የነበረበት የልደት ወረቀቷ ዘገየ፣ እኛም ቀስ በቀስ መጠበቁን ተውነው። ሐበሾች መካከል "ባለቤቴ" እላታለሁ፤ ወረቀት አሳዩ ያለን የለም።

በበልጉ ልቧ ታመመ። በመከር ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላት ተነገረን። ሐኪሙ ከሆስፒታል ስትወጣ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ መጀመሪያ አካባቢም ብቻዋን ገላዋን እንዳትታጠብ አስጠነቀቀን። እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።

የወጥ ቤቱን አለቃ ፈቃድ ጠየቅኩት። ተጋብታችኋል ወይ አለኝ። አልተጋባንም አልኩት።

"እንግዲያው ጓደኛህ ናት። ለጓደኛ ፈቃድ የለም" አለና ወደ ምድጃው ዞረ።

የዓመት እረፍቴን እሷን ለምርመራ ሳመላልስ ጨርሼዋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ፣ ወረቀቱ ባይመጣም ነገውኑ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንጋባ አልኳት። ከትራሷ ቀና ብላ አየችኝ።

"አለቃህ ስላዘዘ አላገባህም" አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል ናቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው። በማግስቱ በደች ቋንቋ የተጻፈ ቀጭን የሥራ ሕግ መጽሐፍ አምጥተው አንዱ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ባል ወይም ሚስት ብቻ አይልም፣ ልጄ። አብሮ የሚኖርም ይላል። አንብበው።"

አነበብኩት። ሕጉ አብራው የምትኖር ሰው ስትታመም ሠራተኛው የሁለት ሳምንት የሥራ ሰዓት ያህል ፈቃድ እንደሚያገኝ፣ ከደመወዙም አብዛኛው እንደሚከፈለው ይናገራል። ደጋግሜ አነበብኩት።

ከማዘጋጃ ቤት በአንድ አድራሻ መመዝገባችንን የሚያሳይ ማስረጃ አወጣሁ። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩ፤ የደች ቋንቋዋ ከኔ ይሻላልና አልጋዋ ላይ ሆና አረመችልኝ። ከዚያ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ገባሁ። እናትየው የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከጎኔ ተቀመጡ።

የቢሮው ኃላፊ ወረቀቶቹን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ እህት ወይም እናት የላትም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"እዚህ ያለኋት እኔ ነኝ። የማስታምማትም እኔ ነኝ" አልኩ።

ከመሳቢያዋ የፈቃድ ቅጽ አውጥታ ፈረመች። አለቃዬ በማግስቱ የሥራ ተራ ሰሌዳው ላይ ስሜን ሰርዞ፣ ሕጉን አላውቀውም ነበር አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት ቤት ስትመለስ ፀጉሯን በቤታችን ወጥ ቤት መታጠቢያ አጠብኩ፣ ጨው የሌለው ሾርባ ሠራሁ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ደረጃው አብረን ሄድን። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ወደ ሜትሮ ባቡሩ ጣቢያ ወጣን፤ ክንዴን ለቃ ቀድማኝ ተራመደች። ኋላ ቆሜ ሳያት ደረቴ በደስታ ሞላ።

ሥራ በተመለስኩ በወሩ አንድ ዕቃ አጣቢ ባልደረባዬ አብራው የምትኖረው ሴት እግሯ መሰበሩን ነገረኝ፤ እነሱም አልተጋቡም። ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ኃላፊዋ ገና በሩ ላይ ስታየን ቅጹን ከመሳቢያዋ አወጣች።