መሃሉ የሳሳው ብረት

ሂርጳ ስለ ልጁ ብስክሌት ማንንም አላማከረም። ምን ምክር ያስፈልገዋል? የየካ መሬቱ ለቤት መሥሪያ እስኪወሰድ ድረስ ሲያርስ የኖረ፣ ማረሻ አንኳኩቶ የሚገዛ ሰው ነው። ከዚያም ሾላ ገበያ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኖ፣ ጆንያ ዳብሶ አታላዩን ነጋዴ ይለይ ነበር። «በብረትና በጆንያ ማንም አይሸውደኝም» ይላል። እውነቱን ነው፤ በማረሻና በጤፍ የሸወደው ሰው የለም።

ሚስቱ ሎሚ ከሞተች ወዲህ የቀረው አንድ ልጅ ነገሳ ብቻ ነበር። ነገሳ ደግሞ ልቡ ያለው ብስክሌት ላይ ነው። በተዋሰው ብስክሌት እንጦጦ ራጉኤል ወጥቶ ሲመለስ፣ ሂርጳ መንገድ ዳር ቆሞ ቁልቁለቱን ያያል። እዚያ ላይ ብረቱ ቢሰበርስ? ቀን የሚያስበው ይህን ነው፤ ሲተኛም ይህንኑ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ውጭ አገር የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች በእንጦጦ ዳገት ሊመረጡ ነው ተባለ። ሂርጳ ጊደሩን ሸጠና ልጁን ይዞ፣ ሾላ ብስክሌት ወደሚጠግነውና ወደሚሸጠው ከድር ዘንድ ሄደ። ከድር ጎማም መሪም ያልተገጠመላቸው ሁለት ባዶ የብስክሌት ብረቶች አወጣ፤ አንዱ ወፍራምና ከባድ፣ ሌላው ቀጭን የጣሊያን ሥራ። ነገሳ ቀጭኑን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሳቀ። እናቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

ሂርጳ ግን ቀጭኑን ተቀብሎ በመጋዘኑ ቁልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳው። ጫፎቹ ድፍን ድምፅ ሰጡ፤ መሃሉ ሳሳበት። ደግሞ አንኳኳ። ፊቱ ተለወጠ።

«ከድር፣ ይሄ ምንድን ነው? ዳርና ዳሩ ወፍራም፣ መሃሉ ስስ!»

«አሠራሩ ነው፣ ኦቦ ሂርጳ። የሚያያዘው ጫፍና ጫፉ ስለሆነ እዚያ ያወፍሩታል፤ መሃሉን እንዲቀል ያሳሱታል። ብረቱ ራሱ ምርጥ ነው።»

«ተው! ከአፉና ከግርጌው ማኛ፣ መሃሉ ላይ ገለባ የሞሉትን ጆንያ ስለይ ነው የኖርኩት። አንተም እንደነሱ ሆንክ?»

ከድር ወላሂ እያለ ቢምልም አልሰማውም። ወፍራሙን አንኳኳው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ድምፅ ነው።

«አባዬ፣ ይሄኛው ይከብደኛል እኮ» አለ ነገሳ ቀስ ብሎ።

«ይክበድህ! ዳገቱን ጉልበትህ ይችለዋል። ቁልቁለቱ ላይ የሚይዝህ ግን ብረቱ ነው። አይሰበርብህም ልጄ፤ እኔ አባትህ ዋስ ነኝ።»

ነገሳ ቀጭኑን ወደ ቦታው መለሰ። ባለጌ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይከራከር ነበር፤ ምነው ባለጌ በሆነ!

ቀጭኑን የኮተቤው ገበየሁ፣ የነገሳ ጓደኛ ገዛው። በውድድሩ ቀን ገበየሁ ተመረጠ፤ ነገሳ ለጥቂት ቀረ። ብስክሌቱን ወልውሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለና፣ ብዙም ሳይቆይ ወታደር ቤት ገባ። ከዚያ ኮንጎ ዘመተ። ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ሂርጳ ላይ የደረሰው ግን ዓይኑን ተክሎ በሚጠብቀው መንገድ አልመጣም።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ የራጉኤል ንግሥ ዕለት ገበየሁ ሊጠይቀው መጣ። የመጣው በዚያው በቀጭኑ ብስክሌት ነበር። ሂርጳ እንግዳውን ግባ እንኳ ሳይል ብረቱን ሲያይ ቆየ።

«ስንቴ ተሰበረብህ?» አለው።

ገበየሁ ሽማግሌውን ደስ ለማሰኘት ብሎ መዋሸት ፈልጎ ነበር። አፉ እምቢ አለው።

«ተሰብሮብኝ አያውቅም፣ አባባ።»

«ቁልቁለት ላይስ?»

«ቁልቁለት ላይም።»

ሂርጳ በሩ ላይ ተቀመጠ። «የውድድሩ ቀን ልጄን የት ላይ ነው ጥለኸው የሄድከው?»

«እስከ መጨረሻው ዳገት ጎን ለጎን ነበርን። እሱ ይበልጠኝ ነበር አባባ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ከውድድሩ በፊት እንቀያየር ብዬው ነበር። ‹አባቴ ዋስ የሆነልኝን ትቼ?› አለና ሳቀብኝ።»

ሂርጳ ተነስቶ የልጁን ብስክሌት ከግድግዳው አወረደና፣ ቁልፉን አውጥቶ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳው። እንደ ድሮው አንድ ድምፅ ነው፤ ስንጥቅም የለበትም።

«አየህ፣ አልዋሸሁትም» አለ። «አልተሰበረም።»

ይህን ብሎ ወፍራሙን ብረት አቀፈና፣ የልጁ መርዶ የመጣ ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ።