ብርዝ የጠጣው ምስክር

የታሰርሁበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ። ጋቢያቸውን ግማሹን ሲሚንቶው ላይ አነጠፉልኝና «ቁጭ በል ልጄ፣ ይለመዳል» አሉኝ። አልተለመደም።

ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። የተያዝሁት ከሮብ ገበያ ስመለስ ነው። በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ሽማግሌው የሚካኤል ለት ከሰዓት በኋላ በድብቅ ስብሰባ ላይ ነበሩ አለ፤ እኔም ያን ቀን ስብሰባው ነበረበት በተባለው ቦታ በኩል አልፌ ነበር። ስብሰባው ላይ አየኋቸው ብዬ ከፈረምሁ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ እምቢ ካልሁ እዚያው እከርማለሁ። እስከ ነገ አስብበት አለኝ።

አላየኋቸውም። ግን እኔ ስላላየኋቸው አልነበሩም ማለት አይደለም። ሽማግሌውን ወድጃቸዋለሁ፤ መውደድም ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን የማኅበራቸው ተረኛ ነበሩ። ማኅበርተኛው አሥራ ሁለት ስለሆነ ጽዋው እሳቸው ቤት የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ተረኛ ደግሞ እንግዳ ጥሎ ከቤቱ አይወጣም። ከእንግዶቹ ብርዝ የጠጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር አሉኝ፤ የሮብ ገበያ እህል ነጋዴ፣ እስላም። እሱም ከጎናችን ባለው ክፍል ታስሯል፤ ከተያዙ ወዲህ ግን ተነጋግረው አያውቁም።

ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ ነጋዴውን አገኘሁት። ሽማግሌው ያሉኝን አልነገርሁትም፤ መልስ ማጉረስ ምስክርነትን ያበላሻል። የሚካኤል ለት የት ዋልህ ብቻ አልሁት።

«ከአንተ ጋር የታሰሩት ሽማግሌ ቤት እህል ልገዛ ብሄድ ማኅበር ላይ ደረስሁ» አለ። «ሳትቀምስ አትሄድም አሉኝ። ጠላ እንደማልጠጣ ስለሚያውቁ ማር በጥብጠው ብርዝ ሰጡኝ። እስኪመሽ አብሬያቸው ነበርሁ።»

ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። አንተን ጠቅሼ ልጽፍ ወይ ስለው «ጻፈው መምህር፣ የጠጣሁትን አልክድም» አለ።

መርማሪው ወረቀቱን ሲገፋልኝ ፈርቼ ነበር፤ ልጆቼ ቤት ይጠብቁኛል። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ፣ ነገ ክፍል ገብቼ ምን ላስተምር ነው? «አየኋቸው» የሚለውን ሰርዤ ሁለቱ ሰዎች ለየብቻ የነገሩኝን ጻፍሁ። ከመሸ በኋላ ሽማግሌው የት እንደነበሩ እንደማላውቅም ጨመርሁ። መርማሪው አነበበው።

«መርማሪው አንተ ነህ እኔ?»

«እኔ የታሪክ መምህር ነኝ» አልሁት።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። የጻፍሁትን ስነግራቸው ሽማግሌው ያችን የመጨረሻዋን መስመር ለምን እንደጨመርሁ ጠየቁኝ።

«የማላውቀውን አላውቅም ካላልሁ፣ አውቃለሁ ያልሁትን ማን ያምነኛል?»

የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ እኔ ሳብ አደረጉት።

እሳቸው ቀድመውኝ ወጡ። እኔ ከረምሁ። ዛሬ ተመልሼ አስተምራለሁ። ያ ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም፤ ምናልባት አንድ ቀን አንድ የታሪክ ተማሪ እጅ ይገባ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የእኔን ጽሑፍ ብቻ አይመን። ሮብ ገበያ ሄዶ ነጋዴውን ይጠይቅ፤ እኔ ያልሁትን ግን አስቀድሞ እንዳይነግረው።