የሚካኤልን ቀን ማን ሻረ?

ዘንድሮ ነሐሴ ማለቂያ ላይ በረዶው ቆርቆሮዬን ሲደበድበው የልጅ ልጆቼ እየሳቁ ሊለቅሙት ወጡ። እኔ አልሳቅሁም። በረዶ ሽታ አለው። የተቀጠቀጠ የገብስ አገዳና የእርጥብ አፈር ሽታ። ያ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ እጄም ሳላዘው ይጨበጣል።

ያኔ እዚሁ እስቴ ውስጥ አባቴ በሬ አልነበረውም። በሬ የሌለው ሰው በሬ ላለው ሁለት ቀን በጉልበቱ ይሠራል፤ በዚያ ፈንታ ለአንድ ቀን ጥማድ በሬ ይሰጠዋል። የእኛ ባለ በሬ ባላምባራስ ወርቄ ነበሩ። የነሐሴ ሚካኤል ዕለት ማለዳ ሰው ላኩብን፤ ስንዴያቸውን አረም ውጦት ነበር። እናቴ ዛሬኮ ሚካኤል ነው ብትለው አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። እኔም ተከትዬው አብሬው ሳርም ዋልሁ።

በሳምንቱ በረዶ ወረደ። በረዶ እንደ መቀነት ነው፤ ባለፈበት ያልፋል፣ ከዳር ያለውን አይነካም። እሸት የያዘው ገብሳችን ከጭቃ ተቀላቀለ። የጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። ከጉብታው ማዶ ያለው የባላምባራስ ስንዴ ግን ቅጠሉ እንኳ አልተቀደደም።

ምህላ ተያዘ። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ እግዚኦ ሲል፣ ባላምባራስ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ወደ ፊት ወጡና «በዓል የሻረ ሰው አለ መካከላችን። እሱ ይውጣልን» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው አባቴ ላይ ነበር። አባቴ ወጣ። ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከ።

የድጓ መምህሩ የኔታ ቀስ ብለው «የማንን ማሳ ስታርም ነበር፣ ታደገ?» አሉት።

አባቴ ድንጋዩን አጥብቆ ያዘ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እኔ ግን ያኔም ደረቅ ነበርሁ። «የባላምባራስን ነው» አልሁ። «የተሻረው በእሳቸው ማሳ፤ ታዲያ በረዶው ለምን የእኛን መታ?»

አባቴ ከድንጋዩ ሥር ቀና ሳይል «ልጅ ነው፣ ይዋሻል። የራሴን ማሳ ነው ያረምሁት» አለ።

የሽምብራ ዘር ጊዜ ደርሶ ነበር። የባላምባራስን በሬ ካላገኘን የጠፋውን ገብስ የምንተካበት ሌላ መንገድ የለንም፤ ለዚያ ነው የዋሸው። የኔታም የገባቸው ይመስለኛል። ያለው ለሌለው ጎተራውን ይክፈት፣ ሚካኤል የሚታረቀው በዚህ ነው አሉ። ራሳቸው ከተማሪ ቤቱ ስንቅ ቀንሰው አንድ ቁና እህል አመጡልን። ባላምባራስ አሜን አሉ። ከጎተራቸው ግን አንዲት ፍሬ አልወጣችም፤ በሬውም አልመጣ። በዓል ለሻረ ሰው በሬዬን አላረክስም ብለው ላኩብን። አባቴ በዶማ ቆፈረ። ዶማ ስንት ያደርሳል? ጥር ላይ ታናሽ እህቴን ቀበርናት።

የዛሬው ሰው ይሻላል፣ እውነቱን ልናገር። ዘንድሮ በረዶው የባላምባራስን የልጅ ልጅ ማሳ ላጨው። ማን በዓል ሻረ ብሎ የጠየቀ የለም። የሰንበቴው ማኅበር ባዶ ጆንያ በየቤቱ አዞረ፤ ጎረምሶቹ በስልክ ተጠራርተው በአህያ ጭነው አደረሱለት። እኔም ገብስ ሰጠሁ፣ ያውም ለዘር ያበጠርሁትን። የእሱ ልጆች ምን አደረጉኝ?

ቄሳችን ልጅ እግር ናቸው፤ ነገሩን ከሰው ሰምተዋል። «አያ ሙሉ፣ እንግዲህ ባላምባራስንም ይቅር ይበሏቸው። አፈር ሆነዋል እኮ» አሉኝ።

«ገብሱን ሰጥቻለሁ፣ አባ። ይቅርታ ግን ከእኔ ቤት የለም» አልኋቸው።

ቂሙ ምን ያደርግልዎታል ብለው ጠየቁኝ። ዱላዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ባላምባራስን ከማርሁ፣ ስለ እህቴ ያለኝ እርግማን የሚያርፈው በዓል ሽሮ በዋሸው አባቴ ላይ ነው።